ከሳሿ አዲስ ናት

ቤታችን በር አልነበረውም። ድሆች ስለነበርን አይደለም፤ በርማ የትም ይገኛል። አባቴ ስለከለከለ ነው። የምንወጣውም የምንገባውም በጓዳው መስኮት ነበር። ከውስጥ የለስላሳ ሳጥን፣ ከውጭ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጦልናል። መጀመሪያ ቦርሳ ይወረወራል፣ ቀጥሎ ቀኝ እግር፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግራ እግር። በስድስት ዓመቴ ጀምሬ አስር ዓመት ሲሞላኝ ዓይኔን ጨፍኜ እወጣ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ይቀኑብኝ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? አንዷ ጓደኛዬ እንዲያውም አባቷን "እኛስ በራችንን ለምን አንደፍነውም?" ብላው ጥፊ ቀምሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ሲሞት ለሁለት ልጆቹ፣ ለአባቴና ለታናሽ እህቱ፣ አራት ክፍል ቤት ተወላቸው። ተካፈሉ ቢባሉ አልተስማሙምና ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱም ቤቱን መሃል ለመሃል ከፈለው። ትልቁ በር ያለበት የመንገዱ ወገን ለአክስቴ ደረሰ፣ የጓሮው ወገን ለእኛ። መሃሉ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ተገነባ። አባቴ ደግሞ በጓሮ በኩል ወዳለችው ቀጭን መንገድ የራሱን በር እንዲከፍት ተፈረደለት። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አንድ ግንበኛ፣ አንድ አናጢ። አባቴ ይግባኝ አለ፣ ይግባኙንም ተረታ። በሩን ግን አልከፍትም ብሎ ድርቅ አለ።

"በር ከከፈትኩ እኮ ፍርዱን ተቀበልኩ ማለት ነው" ይል ነበር። "ነገ ተነስተው ‘ወደህ ፈቅደህ ኖረህበታል’ ይሉኛል። ሞኛቸውን ይፈልጉ!"

እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ የነበረ ይመስለኛል። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ መንገዷን ወዲያና ወዲህ አይታ፣ ሰው ከሌለ ሸርተት ትላለች። ሰው ካለ የመስኮቱን መስታወት ትወለውላለች። በሰፈሩ እንደኛ የጠራ መስታወት ያለው ቤት አልነበረም።

አባቴን ፍርድ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው አድርጌ ነበር የማስበው። በየቀኑ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጥቁር ጃንጥላ ተክሎ፣ ታይፑን ጉልበቱ ፊት አድርጎ ይቀመጣል። ሰዎች ተራ ይዘው ይመጣሉ፣ ጎንበስ ብለው በጆሮው የሆነ ነገር ይሉታል፣ እሱ ካርቦኑን አስገብቶ ቀጨ ቀጨ ያደርጋል። ዳኞቹ ሳይቀሩ ሲያልፉ ሰላም ይሉታል። ማመልከቻ ጸሐፊ መሆኑን፣ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ወንበር እንደሌለችው ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው።

ደግ ሰው ነበር። ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዲት አሮጊት ፊቱ ቆመው ያለቅሳሉ። ጎረቤታቸውን እንደገና መክሰስ ፈልገዋል። አባቴ ወረቀታቸውን እስከ መጨረሻው አነበበና ቀስ ብሎ አጠፈው።

"እማማ፣ ይሄ እኮ በፍርድ ያለቀ ነገር ነው" አላቸው። "ስሙን ቢቀይሩት፣ ልብስ ቢያለብሱት፣ ያው እሱው ነው። አንድ ጉዳይ ሁለቴ አይከሰስም። ቤትዎ ይግቡና ይረፉ፤ ዕድሜዎን ይብሉበት።"

ከዚያ ተነስቶ ዘንቢላቸውን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመላቸው። የዚያኑ ዕለት ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ደግሞ ጠረጴዛውን ጠረገና የራሱን አዲስ ክስ መተየብ ጀመረ። እኔ ምንም አልገረመኝም። ሐኪም ራሱን እንደሚያክም ነበር ያየሁት።

መጀመሪያ "ክፍፍሉ ይሰረዝልኝ" አለ። ተመለሰ። ቀጥሎ "ግድግዳው ይነሳልኝ" አለ። ተመለሰ። ሦስተኛውን በእናቴ ስም ጻፈና አስፈረማት። ያም ተመለሰ። ሁሉም ተመልሰው ሲመጡ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነበራቸው፤ "ጉዳዩ ቀደም ሲል በመጨረሻ ፍርድ ያለቀ በመሆኑ ክሱ ውድቅ ተደርጓል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።" እንደ መዝሙር በቃሌ ይዤው ነበር። ገመድ ስዘል ሁሉ እሱን እየቆጠርኩ እዘላለሁ።

አክስቴንስ? አክስቴ በልቤ ጭራቅ ነበረች። ከግድግዳው ወዲያ ቀኑን ሙሉ ኽርርር… ኽርርር… የሚል ድምፅ ይሰማል። አባቴ "አትጠግብም እኮ፣ እሷ!" ሲል ሰምቻለሁና፣ ግድግዳውን ወደ እኛ እየገፋች ይመስለኝ ነበር። በየሳምንቱ ከአልጋዬ እስከ ግድግዳው በስንዝር እለካለሁ። አንዳንዴ ስምንት ይሞላል፣ አንዳንዴ ስምንት አይሞላም፤ ያኔ እንቅልፍ የለኝም። ሴትዮዋ ለካ የሹራብ ማሽን ነበራት። የትምህርት ቤታችንን ሹራብ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ የለበስኩት ሳይቀር የእሷ እጅ ሥራ ነበር።

አስር ዓመቴ ላይ እናቴ አረገዘች።

ስድስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት በመስኮቱ ልትወጣ ሞክራ መሃል ላይ ቀረች። ግማሿ ውስጥ፣ ግማሿ ውጭ። አባቴና እኔ ከውስጥ ይዘን መለስናት። ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ፣ "በር ክፈትልኝ" አለችው።

"እስከዚያ ይፈረዳል።"

"ልጁ ቀጠሮ አይጠብቅም እኮ፣ አንተ ሰውዬ!"

"ትንሽ ታገሺኝ። አሁን ያገኘሁት መንገድ ሌላ ነው። እኔ ብሸነፍም፣ አንቺ ብትሸነፊም፣ ከሳሿ አዲስ ናት።" ወደ እኔ በአገጩ አመለከተ።

"ልጄን?" አለች እናቴ።

"ስሟን ብቻ ነው የምወስደው።"

"ከስሟ ሌላ ምን አላት ታዲያ?"

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ልሞት! ታይፑ ላይ ስሜ ፊደል በፊደል ሲመታ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ከስሜ ፊት "ከሳሽ" ይላል። በትምህርት ቤት ከሳሽ የነበረች ልጅ ሌላ አልነበረችም፤ ለአንድ ሳምንት ጉራዬን ቸረቸርኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከቤት አልወጣችም። መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠግታ ትቀመጣለች። አትክልት ሻጯ ስታልፍ "እንዴ፣ ሱቅ ከፈትሽ?" ትላታለች፣ እናቴም "አዎ፣ ገበያው ግን ቀዝቅዟል" ትላለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ሻጯ ስትሄድ የእናቴ ሳቅ ቶሎ ነበር የሚጠፋው። አንዳንዴ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ዝም ብላ አየር ላይ ትዘረጋዋለች። ዝናብ መኖሩን የምታይ ነበር የሚመስለኝ። በጠራራ ፀሐይ ምን ዝናብ አለ?

የፍርድ ቤቱ ቀን ደረሰ። አባቴ ጫማዬን ራሱ ቦረሸልኝ። "ከተጠየቅሽ ‘አባቴ ያውቃል’ በይ፤ ሌላ ምንም አትበይ" አለኝ። ችሎቱ የአሮጌ ወረቀትና የሰው ኮት ሽታ ነበረው። አክስቴ በወዲያኛው አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ስታየኝ ፈገግ አለች፤ እኔ ፊቴን አዞርኩባት።

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉና ከፊታቸው አንድ ወረቀት አነሱ። መልሰው አስቀመጡት። "ይሄ ነገር አራተኛው ነው፣ አይደለም እንዴ?" አሉ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሿ አዲስ ናት" አለ አባቴ።

"የታለች?"

ተነሳሁ። ከእንጨቱ አጥር በላይ ግንባሬ ብቻ ነው የሚታየው መሰለኝ፤ ዳኛው አንገታቸውን አሰገጉ።

"አክስትሽ ምን አድርጋሽ ነው የከሰስሻት፣ የኔ ልጅ?"

"አባቴ ያውቃል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። "እሺ፣ አንቺ የምታውቂውን ልጠይቅሽ። ቤታችሁ በምን ትገቢያለሽ?"

የማውቀው ነገር ሆነና ከአፌ አመለጠኝ። "በመስኮት!"

"በሩስ?"

"አባዬ አይከፈትም ብሏል።"

አባቴን ዘወር ብዬ ሳየው ጆሮው ቀልቷል። ዳኛው ያችን ወረቀት አነሱና አነበቡ፤ መዝሙሬ ነበረች። በመጨረሻ ፍርድ ያለቀ በመሆኑ፣ ውድቅ፣ ተዘግቷል። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "እርስዎ ይህን ሕግ ከብዙ ጠበቃ በላይ ያውቁታል። ልጅቷን ይዘው ይሂዱና በር ይክፈቱላት" አሉት። አክስቴ ብድግ ብላ፣ "እስኪከፍት ድረስ በእኔ በኩል ይለፉ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ" አለች። ዳኛው ቅጣት የፈረዱብን መሰለኝ፤ በር የተሸነፈ ሰው የሚሸከመው ነገር ነበር የሚመስለኝ። የአክስቴንም "በእኔ በኩል ይለፉ" እንደ ወጥመድ ቆጠርኩት።

በመንገድ ላይ አባቴ ቀድሞኝ ይራመዳል። ሮጬ ደረስኩበት።

"አባዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ?"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ፣ ወደ ፊት ፊቱን እያየ።

እንደ አዎ ነው የሰማሁት። በመስኮት ባልል ኖሮ፣ ዝም ብል ኖሮ እናሸንፍ ነበር። ግድግዳው ይፈርስ፣ እናቴም በትልቁ በር ወጥታ ትወልድ ነበር። ይህን ለራሴ ነገርኩት፣ ለማንም ደግሞ አልተናገርኩም።

ምጡ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት በተመለስኩበት ሰዓት ነው። አባቴ ጃንጥላው ሥር ነው። እናቴ መስኮቱን ይዛ ለመውጣት ሞከረች፣ አልሆነም። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ተመልሳ በአራት እግሯ ሆነችና "አይ አምላኬ፣ እዚሁ ልቀር ነው" አለች። እንደዚያ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ዙሪያውን ስመለከት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ሳጥን መሆኑ ታየኝ። ያንን መስኮት ከዚያ ቀን በፊት መውጫ ነበር የምለው።

እናቴ ካውያውን አነሳችና መሃል ግድግዳውን ትደበድበው ጀመር። ኽርርሩ ቆመ።

"ምንድነው?" የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ።

"መጣ! ልጁ መጣ!"

"ከግድግዳው ራቁ! ልጅቷንም አርቂያት!"

ብዙም አልቆየ፣ መዶሻና መሮ ይጮህ ጀመር። የጎረቤቱን ግንበኛ ነው የጠራችው። አቧራ ሆነ፤ አንድ ብሎኬት ወደ እኛ ወደቀ፤ በቀዳዳው የአክስቴ ክንድ እስከ ትከሻው ገባ። ጭራቋ መጣች! መጥረጊያውን አነሳሁና በሙሉ ኃይሌ ክንዷን ቀጠቀጥኩት።

"ኧረ በስማም! እሰይ የኔ ጀግና፣ እናትሽን እንዲህ ነው መጠበቅ" አለች፣ ክንዷን ሳትመልስ። "አሁን ዞር በይልኝ፣ እናቴ።"

ግንበኛው ቀዳዳውን ካሰፋው በኋላ እናቴ በእሱ፣ በሹራብ ክምር መሃል፣ በአያቴ ትልቅ በር ወጥታ ታክሲ ውስጥ ገባች። ወንድሜ ሆስፒታል ከደረሱ በሃያ ደቂቃ ተወለደ። አዋላጇ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሁለቱንም እናጣ ነበር ብላለች፤ ይህን አክስቴ ናት በኋላ የነገረችኝ።

አባቴ ማታ መጥቶ ቀዳዳው ፊት ቆመ። እጁን ኪሱ ከቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲበራ አየሁ። በወንድሜ ነው የተደሰተው ብዬ ሄጄ ወገቡን አቀፍኩት። እሱም ራሴን ዳሰሰኝ። "አዲስ ነገር ነው" አለ። "ይሄ እንኳ ፍጹም አዲስ ነገር ነው።" ከዚያ ካርቦኑን አወጣ።

ዛሬ ሳስበው ይገባኛል። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "ያለቀ ጉዳይ" የማይባል ክስ እጁ ገባ። እህቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያቆመውን ግድግዳ አፍርሳ ይዞታው ውስጥ ገብታለች። "ሁከት ይወገድልኝ" ብሎ ከሰሳት። ያን ሊነሳልኝ ይገባል ይለው የነበረውን ግድግዳ፣ አሁን ይመለስልኝ አለ!

ክሱ እስኪታይ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ እንደነሱ ያለ ጊዜ የለም። እናቴ በአክስቴ በኩል ነው የታረሰችው። እኔ በቀዳዳው እየተመላለስኩ ወንድሜን እስማለሁ፣ የማሽኑን እጀታ እገፋለሁ፣ በትልቁ በር እወጣለሁ፣ ደግሞ እንዲያው ለመግባት ብዬ እገባለሁ። አክስቴ ስለ መጥረጊያው አንድ ቀን ሳትቀልድብኝ አልዋለችም።

ከዚያ አባቴ ረታ። ኬክ ይዞ፣ እያፏጨ ነበር የመጣው። ሕግ ሕግ ነውና ዳኛው ምን ያድርጉ፤ አክስቴ ግድግዳውን በአስራ አምስት ቀን ውስጥ እንደነበረ እንድትመልስ ታዘዘች። እናቴ ወንድሜን ታቅፋ ከቀዳዳው ወዲያ ቆመች።

"እሺ ይደፈን። አንተ ግን አስቀድመህ በር ክፈት። በሩን ካየሁ ዛሬውኑ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።"

"በር ከከፈትኩማ..."

"እኔ ይህን ልጅ ይዤ በመስኮት አልገባም። አልገባም አልኩህ!"

"እንግዲያው እንደፈለግሽ" አለና ኬኩን ቆረሰ።

ግድግዳውን ሊሠራ የመጣው ያው ያፈረሰው ግንበኛ ነበር። ሥራው አላስደሰተውም፤ ብሎኬቱን ሲያነሳም ሲያስቀምጥም ያጉረመርማል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን የሌላ ሰው ማመልከቻ ይተይባል። እኔ በአባቴ ወገን፣ ከቀዳዳው አጠገብ ቆሜያለሁ። ግድግዳው ደረቴ ድረስ ሲደርስ ግንበኛው ማንኪያውን ቡኬቱ ላይ አሳረፈ።

"እትዬ፣ ይቺ ልጅ የየትኛው ወገን ናት?" ብሎ እናቴን ጠየቃት።

"ነይ፣ የኔ ልጅ" አለች እናቴ። አንድ እጇን ዘረጋችልኝ። "ነይ፣ ተሻገሪ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አባቴ ካረፈ በኋላ መዝገብ ቤት ሄጄ በስሜ የተከፈተውን መዝገብ አስወጥቼ አነበብኩ። "በመስኮት" ማለቴ የትም አልተጻፈም። የዚያ ቀን ቀጠሮ ምን እንደነበረ ግን ተጽፏል፤ "ለብይን" ይላል። ብይን ለማንበብ ብቻ ማለት ነው። ዳኛው ያነበቧት ወረቀት እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ተጽፋ፣ ተፈርማ፣ ማኅተም ተመቶባት ጠረጴዛው ላይ ነበረች። የእኔ መልስ የሚያበላሸው ነገር አልነበረም። አባቴ ደግሞ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። "ለብይን" ማለት ምን እንደሆነ ጫማዬን ሲቦርሽልኝም ያውቅ ነበር።

በአስር ዓመቴ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። ሚስቱም ልጁም ወዲያ ናቸው፣ ክሱን ያስወደቅሁበት እኔ ነኝ፤ እኔም ከሄድኩ ምን ይቀርለታል? ስምንት ዓመት በዚያ ቤት ቆየሁ። እናቴ ስምንት ዓመት ሙሉ ምሳዬን በመስኮቱ አቀበለችኝ፤ በየቀኑም "ዛሬስ?" ትለኛለች፤ እኔም በየቀኑ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገርኳት፤ የነገርኳት ግድግዳው ሲደፈን፣ ያን ዕለት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም አልሰማችኝም።

"እዚህ እቆያለሁ" አልኩ ለግንበኛው። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "አባዬ ላይ ያስፈረድኩበት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለች እናቴ ከወዲያ። ወንድሜ ያለቅስ ነበር። "ምን አለች? አልሰማኋትም!"

አባቴ ግን ሰምቷል። ከኋላዬ ታይፑ ቀጥ አለ። ጠበቅሁት።

ከዚያ መተየቡን ቀጠለ።